ሳይጠሩት አቤት የሚል ቀለም

ልጆቼ፣ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ፣ ስሪንቃ ላይ የሙከራ ማሳ ዳታ የምታጠናቅሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር የምትጠብቁ፣ መርሳ ላይ ከማንጎ ጥላ ሥር ቁጭ ብላችሁ በስልካችሁ ተርሙክስ የተባለውን ተርሚናል ከፍታችሁ ኮድ የምትጽፉ ሁሉ፣ ዛሬ የምመክራችሁ ትንሽ በምትመስል ነገር ላይ ነው። በጥቁሩ ስክሪን፣ በተርሚናሉ ላይ ፕሮግራሞቻችሁ ስለሚረጩት ቀለም ነው።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። ይህን ያነሣሁት ቀለምን ልንቅ ፈልጌ አይደለም። በቦታው የዋለ ቀለም ዓይን ያሳርፋል፤ ከሺህ መስመር መሃል የተበላሸችዋን አንዷን ነጥሎ ያሳያል። ሌሊት ሰርቨር ወድቆ ስትባዝኑ ያቺ ቀይ መስመር ምን ያህል ጊዜ እንደምታተርፍላችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን ማን እንደሚያነበው ሳይጠይቁ ሁሉን መቀባት ሥራ ያበላሻል። የራስን ብቻ ቢያበላሽ ምንም አልነበረም፤ የሚያበላሸው ከእናንተ ቀጥሎ ያንን ፋይል የሚቀበለውን ሰው ሥራ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። ተርሚናል ቀለም የሚቀበልበት ሌላ በር የለውም። ጽሑፉም ቀለሙም በአንድ መስመር፣ አንዱ ባይት ከሌላው እየተከተለ ነው የሚመጣው። ፕሮግራሙ በጽሑፉ መሃል እስኬፕ የምትባለውን፣ ቁጥሯ 27 የሆነውን የማትታይ ምልክት ይልካል። ከኋላዋ ክፍት ካሬ ቅንፍ ይከተላል፤ ከዚያ ቁጥር፤ በመጨረሻ ኤም የምትባለው ትንሿ የላቲን ፊደል። ቁጥሩ 31 ከሆነ ቀይ ነው፣ 32 አረንጓዴ፣ 33 ቢጫ፣ 34 ሰማያዊ። 0 ደግሞ ሁሉንም ወደ ነበረበት ይመልሳል። ይህ ሥርዓት ኢሲኤምኤ 48 በተባለው ደረጃ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ወጥቶ፣ በ1978 የመጣው ቪቲ 100 የተባለው ተርሚናል በዓለም ሁሉ አስለመደው። ቪቲ 100 ራሱ ባለ ቀለም አልነበረም፤ ቋንቋው ግን እስከ ዛሬ በእጃችሁ ላይ አለ።

እንግዲህ ቀለም የምንለው ከፊደሉ ጋር አብሮ የሚጓዝ ባይት ነው። የሚያነበው ተርሚናል ከሆነ ቀለም ይሆናል። የሚያነበው ሌላ ፕሮግራም፣ ኤክሴል፣ ዳታቤዝ ወይም ቴሌግራም ከሆነ ግን ቅንፍና ቁጥር ሆኖ ይዝረከረካል።

የእኛ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ነገር ቀድመው ያውቁታል። ፊደላችን በፈረንጆች 1999 በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ከመግባቱ በፊት፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍበትን ሴራ የተባለ ሥርዓት አዘጋጅተው ነበር። በኢሜይልና በዚያን ጊዜው ተርሚናል አማርኛ የሚያልፈው በእንደዚህ ያለ ዘዴ ነበር። በሴራ ውስጥ ወደ ኋላ ያዘመመች ሰረዝ ከአንዱ ጽሕፈት ወደ ሌላው መሻገሪያ ናት። ሥርዓቱን የሚያውቅ ፕሮግራም ሲያነባት ሥራዋን ሠርታ ትሰወራለች፤ የማያውቅ ሲያነባት ፊት ለፊት ትገተራለች። የቀለም ምልክትም ጠባዩ ያው ነው።

አሁን ወደ ሐብሩ ወረዳ ላምጣችሁ። ከወልድያ በደሴ መንገድ ወደ መርሳ ስትወርዱ ስሪንቃን ታገኛላችሁ፤ የግብርና ምርምር ማዕከሉ እዚያ ነው። እንበል፣ አንዲት ልጅ የማሽላ ሙከራ ዳታ ይዛለች። በእያንዳንዱ መስመር የማሳው ቁጥር፣ የዝርያው ስም፣ የበቀለው የአቀንጭራ አረም ብዛትና የምርቱ መጠን በነጠላ ሰረዝ ተለያይተው ተጽፈዋል። አቀንጭራን በመቋቋም የሚታወቀውን አብሽር የተባለውን ዝርያ ብቻ ለይታ ማየት ፈለገች። ግሬፕ በሚባለው መፈለጊያ ስሙን ፈለገችና ውጤቱን ወደ አዲስ ፋይል አስገባችው። በስክሪን ብታየው ኖሮ አብሽር የሚለው ስም በቀይ ደምቆ ያምር ነበር። ከዚያ ያንን ፋይል በዝርያ ስም የሚደምር ሌላ ስክሪፕት ሰጠችው። ስክሪፕቱ ለአብሽር የሰጣት ድምር ዜሮ ነው።

ለምን ዜሮ ሆነ? አንድ ሰው ከኢንተርኔት የገለበጠው ማስተካከያ በኮምፒውተሯ ላይ ግሬፕን ሁልጊዜ ቀለም እንዲቀባ አድርጎታል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው የሚይዘው፤ አብሽር አራት ፊደል ነውና 12 ባይት። ግሬፕ ከስሙ በፊትና በኋላ የቀለም መክፈቻና መዝጊያ ሲጨምርበት 17 ባይት ገባና 29 ሆነ። ለዓይን ያው አብሽር ነው፤ ለስክሪፕቱ ግን ዝርያው ሌላ ነው። ልጅቱ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ዳታውን ነው፤ ቀጥሎ ማሳ የቆጠረውን ሰው ትጠረጥራለች። ያልበደለ ሰው ይጠረጠራል። የውጭ አልጋ የውስጥ ቀጋ ማለት እንዲህ ነው።

በዚህ ላይ ፕሮግራም አዋቂ ነን የምንል ሰዎች ልናፍርበት የሚገባ ነገር አለ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው ሰው በሽማግሌ ፊት ይገሠጻል። ወደ ፋይል ሲላክ ቀለም ይዞ የሚሄድ ፕሮግራምም ያው ነው፤ መገሠጽ ያለበት ግን ጸሐፊው ነው።

መፍትሔው አዲስ ነገር አይደለም፤ የቀደሙት ሠርተው አስቀምጠውታል። ፕሮግራም ከመቀባቱ በፊት ውጤቱ የሚሄደው ወደ ተርሚናል ነው ወይስ ወደ ሌላ ቦታ ብሎ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን መጠየቅ ይችላል። በሲም በፓይተንም የጥያቄው ስም ኢዝ ኤ ቲቲዋይ ነው። በባሽ ስክሪፕት ደግሞ በካሬ ቅንፍ ውስጥ ሰረዝ ቲ ብላችሁ ቁጥር 1ን ታስከትላላችሁ። መልሱ አዎ ከሆነ ቀቡ፤ አይደለም ከሆነ ንጹሑን ጽሑፍ ብቻ ላኩ። አንድ መስመር ኮድ ናት። ፋይል የሚዘረዝረው ኤልኤስም ግሬፕም ለከለር ምርጫቸው ሦስት መልስ አላቸው፤ ኦልዌይስ፣ ኔቨርና ኦቶ። ኦቶ የሚለው ይህንኑ ጠይቆ የሚወስነው ነው። የኮድ ታሪክ የሚይዘው ጊትም ከ1.8.4 እትሙ፣ ከፈረንጆች 2013 ጀምሮ፣ ማንም ሳያዘው ኦቶን ይዞ ነው የሚነሣ። ከላይ ያየነው ችግር የመጣው ኦቶ መባል የነበረበት ኦልዌይስ በመባሉ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የምትረሱት አንድ ነገር አለ። ፕሮግራም ሁለት መውጫ አለው፤ ቁጥር 1 የዋናው ውጤት፣ ቁጥር 2 የስህተት መልእክት። ተጠቃሚው ዋናውን ወደ ፋይል ልኮ ስህተቱን በስክሪን ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ለሁለቱም ለየብቻ ጠይቁ። አንዱን ጠይቃችሁ ለሁለቱም ከፈረዳችሁ ወይ ፋይሉ ይቆሽሻል፣ ወይ ስክሪኑ ያለምክንያት ይገረጣል።

አሁን ስለ ትርጉም ልናገር፤ ልቤ ያለው እዚህ ነውና። አገራችን ወሎ የቀይ ቀለምን ልክ የሚያውቅ አገር ነው። የብራና ቁም ጸሐፊ የአምላክን ስም፣ የእመቤታችንን ስም፣ የምዕራፉን መነሻ በቀይ ይጽፋል፤ የቀረው በጥቁር ይሄዳል። የእስልምና ኪታብ የገለበጡ ሊቃውንትም ርእሱንና ምልክቱን በቀይ አውጥተዋል፤ የየጁዋ ዳና በእስልምና ትምህርት ስሟ የተጠራ ቦታ ናት። ከሁለቱም ወገን ያለውን ጥበብ ልብ በሉ። ቀዩ ጥቂት ነው። ደግሞም ያንኑ መጽሐፍ ቀይ ቀለም ያለቀበት ሰው በጥቁር ብቻ ቢገለብጠው ማርያም የሚለው ስም ማርያም ተብሎ ይነበባል እንጂ ሌላ አይሆንም። ቀዩ ክብርን ጨመረ እንጂ ቃሉን አልተካም።

የእናንተም ፕሮግራም እንዲሁ ይሁን። አሥር ፈተና አሂዶ ያለፈውን በአረንጓዴ ነጥብ፣ የወደቀውን በቀይ ነጥብ ብቻ የሚያሳይ መሣሪያ አይቻለሁ። ቀለሙ ሲነሣ አሥር ነጥብ ብቻ ይቀራል። ያለፈውን «አለፈ»፣ የወደቀውን «ወደቀ» በሉት፤ ከዚያ ከፈለጋችሁ ቀቡት። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሰዎች በመካከላችሁ አሉ። ጉዳዩ በኤክስ ክሮሞዞም የሚወረስ ስለሆነ በወንዶች ላይ ይበዛል፤ አንዳንዱም ራሱ ሳያውቀው ዕድሜውን ይጨርሳል። በዓይኑ የማያይ፣ ስክሪን በሚያነብ ድምፅ የሚሠራ ሰው ደግሞ ቀለሙ ጨርሶ አይደርሰውም። ወልድያ ላይ በጥቁርና ነጭ ፕሪንተር የታተመ ሪፖርትም ቀለም አያሳይም። ለእነዚህ ሁሉ መድረስ ያለበት ቃሉ ነው።

ቀጥሎ የተጠቃሚውን ፈቃድ አክብሩ። በፈረንጆች 2017 ኖ ከለር የተባለ ስምምነት ቀረበ። ተጠቃሚው በኮምፒውተሩ ላይ በትልልቅ የላቲን ፊደል፣ ኖ እና ከለር በሚሉት ቃላት መሃል ዝቅ ያለ ሰረዝ አድርጎ፣ አንድ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ያስቀምጣል። ዋጋው ምንም ይሁን፣ ባዶ እስካልሆነ ድረስ፣ ያየው ፕሮግራም ሁሉ ከመቀባት ይታቀባል። ሰውየው ለምን ቀለም እንዳልፈለገ መጠየቅ የእናንተ ሥራ አይደለም። ዓይኑ ይሆናል፣ ስክሪኑ ይሆናል፣ ልማዱ ይሆናል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ነው፤ ፈቃዱን እያያችሁ ብትቀቡ የናቃችሁት እሱን ነው። ፓይተን በ3.13 እትሙ የስህተት መልእክቱን በቀለም ማሳየት ሲጀምር ኖ ከለርን ማክበሩንም አብሮ አምጥቷል። እንዲህ ነው የሚያስቡ ሰዎች የሚሠሩት።

ታዲያ ፈቃዶቹ ቢጋጩስ? ተጠቃሚው ኖ ከለርን አስቀምጦ ለአንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ቀለም አምጣ ብሎ በትእዛዙ ላይ ቢጽፍ፣ አሁን የተናገረው ይበልጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በትእዛዙ ላይ የተጻፈውን ስሙ። ያ ከሌለ ኖ ከለርን እዩ። ያም ከሌለ ተርሚናሉ ተርም በሚባለው ቫሪያብል ራሱን ዳምብ ብሎ ጠርቶ እንደሆነ ተመልከቱ፤ እንዲያ ካለ ቀለም አያውቅም። በመጨረሻ ኢዝ ኤ ቲቲዋይን ጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ ተርሚናል ሳይኖር ቀለም የሚፈለግበት ቦታ አለ፤ ለምሳሌ ኮድ በራሱ የሚፈትሽ ሰርቨር ሎጉን በድረ ገጽ ባለ ቀለም አድርጎ ሲያሳይ። ለዚያ ፎርስ ከለር የሚባለው ቫሪያብል አለና እሱንም እወቁት። ተጠቃሚው ኦልዌይስ ካላለ፣ ፎርስ ከለርንም ካላስቀመጠ ግን በግድ አትቀቡ።

የከፈታችሁትን ዝጉ። ቀይ ብላችሁ ጀምራችሁ 0ን ሳትልኩ ፕሮግራሙ ቢሞት፣ ተጠቃሚው የሚጽፈው ትእዛዝ ሁሉ ቀይ ሆኖ ይቀራል። በተለይ ሰው ኮንትሮልና ሲን ተጭኖ ሥራውን መሃል ላይ ሲያቋርጠው ይህ ይደርሳል። «ላያዛልቅ ጸሎት ለቅስፈት» ይባል የለ? መስመር በመስመር ክፈቱ፣ በዚያው መስመር ዝጉ፤ ሲቋረጥም 0ን የሚልክ፣ ትራፕ የተባለ የመቋረጥ መያዣ አስቀምጡ። የሌላ ሰው ፕሮግራም አበላሽቶባችሁ እንደሆነ ሪሴት የሚለውን ትእዛዝ ጻፉ፤ የምትጽፉት ባይታያችሁም ይሠራል።

የቀለም ምርጫን ባጭሩ። መሠረታዊዎቹ 16 ቀለሞች አሉ፤ ከዚያ 256ቱ፤ ከዚያ ከ16 ሚሊዮን በላይ የሆኑት። እኔ በ16ቱ ቆዩ እላለሁ። እነዚያን ተጠቃሚው ለዓይኑ እንደሚመቸው በተርሚናሉ ላይ አስተካክሏቸዋል፤ ከሚሊዮኖቹ አንዱን ስትመርጡ ግን የእሱን ማስተካከያ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። ጥቁር ሰማያዊ በጥቁር ላይ አይነበብም። ቢጫ በነጭ ላይ አይነበብም። የመርሳ የቀትር ፀሐይ በስልክ ስክሪን ላይ ሲያርፍ ደግሞ ደብዛዛ ግራጫ ጨርሶ ይጠፋል። የሚያብለጨልጭ ጽሑፍ አትሥሩ። ማር ሲበዛ ይመራል፤ ሁሉ ከደመቀ የደመቀ ነገር የለም።

አንዴ የቆሸሸ ፋይል እጃችሁ ቢገባስ? ይህ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ይመጣል። ኔትወርክ ሲጠፋ ሎግ በፍላሽ ይዞራል፤ ሲመለስ በቴሌግራም ይላካል፤ የሚቀበለው ሰው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሆኖ በቅንፍና በቁጥር መሃል ስህተቱን ይፈልጋል። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ሌስ የሚባለውን ማንበቢያ በሰረዝ ትልቁ አር ክፈቱት፤ ምልክቱን ወደ ቀለም ይመልስላችኋል። የተደበቀውን ማየት ከፈለጋችሁ ካትን በሰረዝ ቪ ተጠቀሙ፤ እስኬፕ ያለችበት ሁሉ ይጋለጣል። ማጽዳት ከፈለጋችሁ ሴድ አለ፤ ግን ተጠንቀቁ። ከኢንተርኔት የሚገለበጠው የሴድ ቀመር ብዙ ጊዜ በኤም የሚያልቁትን ብቻ ነው የሚያነሣ። ግሬፕ ግን በትልቁ ኬ የሚያልቅ፣ የመስመሩን ቀሪ የሚጠርግ ሌላ ምልክትም ይጨምራል፤ እሱ ሳይነሣ ይቀርና የአብሽር ድምር አሁንም ዜሮ ይሆናል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ! ከቻላችሁ ፋይሉን ከማጽዳት ይልቅ ያቆሸሸውን ትእዛዝ አስተካክላችሁ እንደገና አውጡት።

ፊደላችንንም አትርሱ። ቀለም የሚቀባ ኮድ ስትጽፉ በባይት እየቆጠራችሁ ከቆረጣችሁ፣ በሦስቱ ባይት መሃል እስኬፕ ይገባና ፊደሉ ይሰበራል፤ በቦታው የጥያቄ ምልክት ይታያል። በፊደል ቁጠሩ። ሠንጠረዥ ስታሰልፉም የቀለሙን ባይት ከወርዱ ላይ አትቁጠሩ፤ ቀለም ቦታ አይዝም፣ የተቆጠረ ከሆነ ግን ዓምዱን ያዛባል።

ከውጭ የመጣ ጽሑፍ፣ የፋይል ስምም ይሁን ሰው በቅጽ ላይ የሞላው ስም፣ ሳይፈተሽ ወደ ተርሚናል አይፍሰስ። ክፉ ሰው በስሙ ውስጥ እስኬፕ ደብቆ ስክሪኑን ሊያጠፋ፣ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ኤልኤስ በተርሚናል ላይ እንዲህ ያሉትን ምልክቶች ሳይተረጉም የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ በእጃችሁ ከባዶ ጻፉ አልልም። በፓይተን ክሊክ የሚባለው ላይብረሪ ውጤቱ ወደ ተርሚናል ካልሄደ ቀለሙን ራሱ ያነሣል፤ ሪች የሚባለው ኖ ከለርን ያከብራል። ያለውን ተጠቀሙ፤ ግን ምን እንደሚሠራ አውቃችሁ ተጠቀሙ።

ከእናንተ የምለምነው ይህን ነው። ዛሬ ማታ ከጻፋችኋቸው ፕሮግራሞች አንዱን አንሡና ውጤቱን ወደ ፋይል ላኩት፤ ፋይሉን በካት ሰረዝ ቪ ክፈቱት። ክፍት ቅንፍና 31 ካያችሁ አስተካክሉት። ከዚያ ኖ ከለርን አስቀምጣችሁ በተርሚናል ላይ አሂዱት፤ ያለ ቀለም ያለፈውንና የወደቀውን መለየት ካልቻላችሁ ቃሉን ጨምሩበት። ሁለቱንም ሳትፈትኑ ለሰው አትስጡ።